ከጉድጓድ ውኃዬ ዩራኒየምና ሬዶን እንዴት እንዳስወጣሁ

ውኃው ጥርት ያለ ነው። ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ ግን ዩራኒየሙ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 30 ማይክሮግራም በላይ ሆኖ ተገኘ። ሬዶን የሚባል ጨረር አመንጪ ጋዝም ነበረበት። ጉድጓዱ የተቆፈረው ግራናይት ላይ ስለሆነ ሁለቱም ከድንጋዩ የመጡ ናቸው።

የሰማሁት ምክር ሁሉ «አፍልተህ ጠጣ» ነበር። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ዩራኒየምን ግን ምንም አያደርገውም። እንዲያውም ውኃው እየተነነ ሲሄድ በቀረው ውስጥ መጠኑ ይጨምራል። ክሎሪንም አይነካውም። ሬዶን ጋዝ ስለሆነ ሲፈላ ይወጣል፤ የሚወጣው ግን እኛው ወደምንተነፍሰው አየር ነው። ምኑን ተገላገልነው?

የሬዶን ናሙና አወሳሰድ ጣጣ አለው። ጋዙ አየር ካገኘ ያመልጣል። ስለዚህ ጠርሙሱን ባልዲ ውስጥ አቁሜ፣ ቱቦውን ጠርሙሱ ታች ድረስ አስገብቼ፣ ባልዲው ሞልቶ ጠርሙሱን እስኪውጠው ለቀቅኩት። ክዳኑንም እዚያው ውኃው ውስጥ ገጠምኩት። ከዚያ ገልበጥ አድርጎ ማየት ነው። ትንሽ የአየር አረፋ ከታየች ደፍቶ እንደገና መሙላት። ሬዶን በ3.8 ቀን ውስጥ በግማሽ ስለሚቀንስ ናሙናው ሳያድር ወደ ላቦራቶሪ ቢሄድ ይመረጣል።

አንድ ማጣሪያ ለሁሉም አይሆንም። ለሬዶን ውኃው ቤት ከመግባቱ በፊት አየር የሚነፋበት ገንዳ አስገጠምኩ፤ ጋዙ በቱቦ ከጣሪያ በላይ ይወጣል። የከሰል ማጣሪያም ይሠራ ነበር። ግን ሬዶኑ ከሰሉ ውስጥ እየተጠራቀመ ማጣሪያው ራሱ ጨረር ስለሚያወጣ ቤቴ ውስጥ አልፈለግኩትም።

ዩራኒየም በዋናነት የሚጎዳው ኩላሊትን ነው፣ የሚገባውም በመጠጥና በምግብ ነው። በቆዳ የሚገባው እዚህ ግባ አይባልም። ስለዚህ የቤቱን ውኃ በሙሉ ማጣራት ትቼ፣ ኩሽና ቧንቧ ሥር ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውኃውን በግፊት ሜምብሬን በሚባል ስስ ሽፋን የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ብቻ ገጠምኩ። የሚያናድደው ነገር ብዙ ውኃ ማባከኑ ነው። ችግሩ ራዲየም የሚባለው ሌላው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ቢሆን ኖሮ፣ ካልሲየምን ከውኃ የሚያስቀረው ውኃ ማለስለሻ ይበቃኝ ነበር፤ ራዲየም ጠባዩ እንደ ካልሲየም ስለሆነ ማለስለሻው አብሮ ይይዘዋል።

ከተገጠመ በኋላ ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን ውኃ ለየብቻ አስመረመርኩ። አሁንም በየጊዜው አስመረምራለሁ፤ ሜምብሬኑ ሲያረጅ በጣዕም አይታወቅማ። ያረጀውን ከመጣሌ በፊት ደግሞ የአካባቢውን የጨረር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እጠይቃለሁ።