ሲጥ ያለው ጣውላ
ትናንት ማታ በጥንታዊት ጃፓን የሚካሄደውን የቪዲዮ ጨዋታ «አሳሲንስ ክሪድ ሻዶውስ» ስጫወት ወለል አጋለጠኝ። የኢጋ አውራጃዋ ሺኖቢ (ኒንጃ) ናኦኤ ፋኖሶቹን አጥፍታ በጨለማ ወደ ግንቡ ውስጠኛ ክፍል እየገባች ሳለ ጣውላው ሲጥ አለ። ዘቡ ዞረ፤ አበቃ።

እንዲህ ያለው ወለል የጨዋታው ፈጠራ አይደለም። ኪዮቶ በሚገኘው የኒጆ ግንብ ዛሬም የረገጠው ሁሉ ያስጮኸዋል፤ ከሥሩ ያሉት ብረቶች ከምስማሮቹ ጋር ሲፋተጉ ድምፅ ያወጣሉ። (ኒጆ የተሠራው የጨዋታው ታሪክ ከሚጀምርበት ከ1579 እ.ኤ.አ. በኋላ ነው፤ ግድ የለም።) የድብቅ ጨዋታ ጣዕሙ እዚህ ላይ ነው፦ እግርህን የት እንደምታሳርፍ እንድታስብ መገደድህ። በ2025 የወጣው ይህ ጨዋታ ብርሃንንና ድምፅን የምር ይዟቸዋል፤ በደረት መሳብም ተጨምሮበታል።

ሁለተኛው ባለታሪክ ሳሙራዩ ያሱኬ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የጃፓኑን የጦር መስፍን ኦዳ ኖቡናጋን ያገለገለው ይህ አፍሪካዊ በታሪክም የነበረ ሰው ነው፤ እዚህ ግን እርሱን ይዞ መደበቅ ዝሆንን ከቁጥቋጦ ኋላ እንደ መሸሸግ ነው። በር ሰብሮ ሲገባ ደስ ይላል፤ ድብቅነቱ ግን በዚያው ያከትማል።

ከሁሉ የሚያሰለቸው ድግግሞሹ ነው። ግንብ በመጣ ቁጥር አለቆቹን ግደል፣ ሣጥኑን ክፈት፣ ውጣ። ለአንድ ጣውላ ድምፅ ይህን ያህል የተጨነቁ ሰዎች ተልእኮውን ለምን እንዲህ እንዳቃለሉት አልገባኝም።