2 ሚሊሜትር

ማታ ነፋሱ የጎረቤቱን ቆርቆሮ ሲያንጓጓ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የደረሰብኝ ነገር የለም፤ እንዲሁ ከፋኝ። እንዲህ ሲሆንብኝ እጄ ሥራ መያዝ አለበት። በሪሞት የምትበረውን ትንሿን አውሮፕላን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኳት። አምና ከወደቀች ወዲህ የግራ ክንፏ እንደተሰበረ ነው። ከክንፏ አጥንት እንጨቶች አንዷን አጣብቄ ልተኛ ነበር ሐሳቤ።

የክንፉን ላስቲክ በካውያ እያሞቅኩ ላጥኩት። ባልሳ የሚባለው ቀላል እንጨት ችኮላ አይወድም፣ ከላስቲኩ ጋር ተገሽልጦ ይነሳል። አምስተኛዋ አጥንት ላይ የጋሼ ጽሑፍ አገኘሁ። በእርሳስ፣ በዚያ በጠባብ ፊደሉ፦ «2 ሚ.ሜ. ከፍ ብሏል»። ከጎኑ ቀስት። ቀስቱ በሚያሳየው በኩል፣ በክንፉ የኋላ ጫፍ ሥር፣ የክብሪት እንጨት የምታህል ስንጣሪ ተሸጉጣለች። ሙጫዋ ቢጫ ሆኗል።

ይህች አውሮፕላን ከድሮም ወደ ግራ ታዘነብላለች። ከማስነሳታችን በፊት ኮረብታው ላይ ያሉትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እናይ ነበር፤ ፊታቸውን ወዳዞሩበት አፍንጫዋን አዙረን እንለቃት ነበር። ስታዘነብል ጋሼ «የአዳማ ነፋስ ነው፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዝላት» ይለኝ ነበር። ቅጠል በማይነቃነቅበት ጠዋትም ያዝኩላት።

ያውቅ ነበር ማለት ነው። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው ብሎ ፕሮፔለሯን በአንድ ኢንች ያሳደገ ሰው፣ ሚዛኗን ክንፏ ሥር በሁለት ጣቱ ይዞ ግማሽ ሰዓት የሚፈትሽ ሰው፣ ይህን አይቶ፣ ጽፎ፣ ላስቲክ አለበሰው። ለማን ነው የጻፈው? ከላስቲክ ሥር ማን ያነበዋል?

ስለ «ፀሐይ» አውሮፕላን ሲያወራኝ ዓይኑ ይበራ ነበር። በ1928 አዲስ አበባ ላይ ከጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ጋር ኢትዮጵያውያን የሠሯት፣ ጣሊያኖች የወሰዷት። በጥር 2016 ስትመለስ እሱ አልነበረም። በቴሌቪዥን ሳያት ያለቀስኩት ለእሷ ይሁን ለእሱ አሁንም አልለየሁትም። እሷስ ውስጧ ቢከፈት የአንዱ ሠራተኛ የእርሳስ ምልክት ይገኝ ይሆን?

ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልፏል። ምላጩ እጄ ላይ ነው። ስንጣሪዋን ባወጣት፣ ጫፉን 2 ሚሊሜትር ባወርደው፣ ቀጥ ብላ ትበራለች። ያኔ ሪሞቱ ላይ ወደ ቀኝ መያዝ የለመደውን አውራ ጣቴን ምን ላድርገው?