«ቁልፌን አሞራ ወሰደው» ብላችሁ ታውቃላችሁ?

ዝዋይ ልሄድ ነው ስላት እናቴ የያዘችውን ሲኒ አስቀመጠችና «ምን አድርገህ ነው?» አለችኝ። በእሷ ዘመን ዝዋይ ሲባል ትዝ የሚለው ወህኒ ቤቱ ነው። ሰው ወደዚያ የሚሄደው ወይ ተፈርዶበት፣ ወይ ስንቅ ይዞ ነው። «ኧረ እማዬ፣ ሐይቁ ላይ ነው። ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው» ብላት «ከምን?» አለች። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ቃሊቲ መናኸሪያ ደርሼ የዝዋይ መኪና እጠብቃለሁ። አንዱ ረዳት «ባቱ! ባቱ! አንድ ሰው ባቱ!» እያለ ጆሮዬ ሥር ይጮሃል። ሁለት መኪና ሞልቶ ሲወጣ በትዕግሥት ሸኘሁ። በሦስተኛው ረዳቱ አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ወንድሜ፣ ወዴት ነህ?» አለኝ። «ዝዋይ።» «ታዲያ ባቱ እኮ ነው!» ብሎ ቦርሳዬን ነጠቀኝ። ከተማዋ ባቱ ከተባለች ስንት ዓመቷ ነው። ሐይቁ ደግሞ ደንበልም ይባላል። አንድ ቦታ ሦስት ስም ካለው ቢያንስ ሁለቱን አጥንቶ መነሳት ነበረብኝ። የሆነ ሆኖ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በሞጆ ታጥፈን፣ መቂን አልፈን ከምሳ በፊት ገባን።

ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ ፔንሲዮን አገኘሁ። ባለቤቷ ሃምሳዎቹን ያለፉ፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ ሴት ናቸው። የክፍል 7ን ቁልፍ አወጡልኝ። ቁልፍ አልኩት እንጂ ያየሁት እንጨቱን ነው። ቁልፏ ትንሽ ናት፤ የታሰረችበት ዱላ ግን የዘነዘና ግማሽ ያክላል፤ ላዩ ላይ በቀይ ቀለም «7» ተጽፎበታል። እንግዳ ረስቶ ይዞት እንዳይሄድ ነው። ኪስ አይገባም። ቢገባም እንደዚያ ሆኖ ሰው ፊት መቆም ያሳፍራል።

«ስትወጣ ቁልፉን እዚህ እየተውክ ልጄ» አሉኝ።

እኔ ደግሞ የነቃሁ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ቁልፌን ትቼ ወጥቼ ማን ሊገባ? «ግድ የለም እትዬ፣ እኔ ጋ ይሁን።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝና «እንደፈለግክ» አሉ። ይቺ «እንደፈለግክ» ኋላ ላይ ገብታኛለች።

በማግስቱ በጠዋት ሐይቁ ዳር ወረድኩ። መቼም እዚያ ቆሞ ማየት ብቻውን መንገዱን ያስረሳል። መረብ የጣሉት ጀልባዎች ይመለሳሉ። ልጆቹ አሳውን እዚያው ያርዳሉ። አንዱ ቆሮሶ እየፈለጠ ነበር። ጭራዋን በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ ከመሳል ብዛት እንደ ሚስማር የቀጠነችውን ቢላ ከጆሮዋ ሥር ያስገባና እስከ ጭራዋ አንዴ ይሰዳታል። ገልበጥ አድርጎ ቆዳዋን እንደ ካልሲ ያወልቃታል። ሥጋው ወደ ሳህን፣ ጭንቅላትና አንጀቱ ወደ ኋላ፣ ሳያይ። ማየት አያስፈልገውም፤ ከኋላው አባ ኮዳዎቹ ተሰልፈዋል።

አባ ኮዳን ለማታውቁ፦ ሲቆም ሜትር ተኩል ሊደርስ የሚችል አሞራ ነው። መላጣ ነው። አንገቱ ሥር ሮዝ ኮረጆ ተንጠልጥሎለታል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል፣ ኮዳ ያንጠለጠለ ወታደር ነው የሚመስለው። እግሩ ነጭ ነው፤ ግን የተፈጥሮ ቀለሙ አይደለም፣ ሙቀት ለማብረድ የገዛ እግሩ ላይ እየተጸዳዳ ነው። አረማመዱ ደግሞ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ለቅሶ ቤት ግቢ ውስጥ የሚንጎራደድ ሽማግሌ። ፎቶ አነሳሁት። አብሬውም ተነሳሁ። በኋላ ፖሊስ ቢጠይቀኝ መልኩን የማሳየው በዚያ ፎቶ ነበር።

ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት የሚወስደኝ ጀልባ ነጂ አገኘሁ፤ ስልሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው የዛይ ሰው። ዛዮች ደሴቶቹ ላይ የኖሩ፣ አሳ አስጋሪነትንና ተራራውን እርከን እየሠሩ ማረስን ያወቁ፣ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ሕዝብ ናቸው። ጋሼ ስልክ ሲያወሩ ሰምቼ ስልጢኛ ነው ብዬ ነበር፤ «ዘመዱ ነው» አሉኝ። እኔ ስለ ዋና አለመቻሌ ስነግራቸው ደግሞ «አይዞህ፣ ይሄ ሐይቅ ጥልቅ አይደለም» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ዘጠኝ ሜትር ገደማ ነው። እኔ ግን አንድ ሜትር ከሰማንያ ነኝ። የቀረውን ሰባት ሜትር ምን ላደርገው ነው?

ደሴቷ ስንደርስ ጀልባዋ ፊላ ውስጥ ቆመችና ውኃና ጭቃ ረግጬ ወረድኩ። ጫማዬን በጊዜ አውልቄ ነበር፤ ካልሲዬን ግን አልሆነልኝም። ደብረ ጽዮን ማርያም ወጥቼ ተሳለምኩ፤ በዮዲት ዘመን ጽላተ ሙሴ ከአክሱም ሸሽቶ እዚህ ደሴት ላይ 70 ዓመት ያህል እንደተቀመጠ የሚነገረውን ታሪክ ጋሼ ተረኩልኝ። ይሄን ያህል ዘመን ታቦት ያስጠለለ አገር የእኔን ቁልፍ አንድ ቀን ማቆየት አቃተው።

ስንመለስ ካልሲዬ ውኃ ያንጠባጥባል። የቁልፉ ዱላ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ብብቴ ሥር ሆኖ ክንዴን አደንዝዞታል። ጋሼ ከጀልባዋ ወለል ላይ ጥቁር ፌስታል አነሱና «እዚህ ክተተው» አሉኝ። ትናንት አሳ የያዙበት ፌስታል ነው። እኔ ሽታውን «የሐይቅ ሽታ ነው» ብዬ አልፌዋለሁ። ካልሲዬን ከተትኩ። ቁልፉን ከተትኩ። ደስ አለኝ፤ እጄ ነፃ ወጣ።

ስምንት ሰዓት ግድም ባዶ እግሬን ጫማ አጥልቄ፣ ከሐይቁ ዳር ካሉት ዳሶች አንዱ ሥር የአሳ ጥብስ አዘዝኩ። ሙሉውን፣ ጎንና ጎኑ ተተልትሎ፣ ተጠብሶ የሚንኮሻኮሸውን። ዳጣው መጣ፣ ሎሚው መጣ። ፌስታሉን እግሬ ሥር አስቀመጥኩ።

አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ፌስታሉን አንሳው» አለኝ።

«ካልሲ ነው እኮ ያለበት።»

«እሱ ምን ያውቃል?»

«እሱ» ያለውን ለማየት ዞር ስል ሽማግሌው እጁን አጣምሮ ሁለት ሜትር ላይ ቆሟል። ወደ ሌላ ቦታ ነው የሚያየው። ስለ አየር ጠባይ የሚያስብ ነው የሚመስለው። ጭልፊት እጄ ላይ ሥጋ ነጥቆኝ የማላውቅ ሰው አይደለሁም፤ አሞራ ሲመጣ አውቃለሁ ብዬ አንድ ጉርሻ ወደ አፌ ላክሁ። አላወቅሁም። ያ ምንቃር እንደ መቀስ «ቀጭ» አለ፤ ፌስታሉ የለም።

አባ ኮዳ ግን እንደ ጭልፊት ድንገት ብድግ አይልም። ከባድ ነው፣ እንደ አውሮፕላን መንደርደሪያ ይፈልጋል። ስለዚህ እኔና እሱ ለትንሽ ጊዜ ጎን ለጎን ሮጥን። እውነቴን ነው፣ አንድ አፍታ እኩል ነበርን። የፌስታሉን ጫፍ በጣቴ ነክቻለሁ። ከዚያ እሱ መሬቱ አለቀና ተነሳ፤ እኔ መሬቱ አለቀና ጭቃ ውስጥ በደረቴ ተኛሁ። ክንፉ ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ነው ይባላል፤ ከሥሩ ተኝቶ ላየው ከዚያም ይበልጣል።

ግራሩ አናት ላይ አረፈ። አንድ ካልሲ ወደቀ። ጭብጨባ ሆነ። ሁሉም ሥራውን ትቶ ቆሟል፣ አስተያየት የሌለው ሰው የለም። «ዋጠው!» አለ አንዱ። «አልዋጠም፣ ኮዳው ውስጥ ነው» አለ ሌላው። (ቤቴ ገብቼ አንብቤያለሁ፤ ኮዳው የአየር ከረጢት ነው፣ ዕቃ አይገባበትም። እዚያ ግን የሚሰማኝ አልነበረም።) «የአሳ ጭንቅላት ጣልለት፣ ይወርዳል» ተባለ። ከደቂቃዎች በፊት በነፃ ይወረወር የነበረው ጭንቅላት ድንገት ዋጋ አወጣ፤ አንድ መቶ ብር ከፈልኩ። ወረደ፣ በላ፣ እግሩ ላይ ተጸዳዳ፣ ሄደ። ፌስታሉ ግራሩ ላይ ባዶውን ይውለበለባል። ቁልፉ የለም።

ጭቃ ለብሼ፣ አንድ ካልሲ ይዤ ፔንሲዮኑ ገባሁ። እትዬ ቡና ይቆላሉ።

«ቁልፉስ?»

«እትዬ... አሞራ ወሰደው።»

ማማሰያውን አቆሙ። «ልጄ፣ ስንት ዓመት አልጋ አከራይቻለሁ። ጠፋ ያለኝ አለ፤ ሽንት ቤት ገባ ያለኝ አለ፤ አንዱ ሚስቴ ወረወረችው ብሎኛል፣ እሱን አምኜዋለሁ። አሞራ ያለኝ የለም።»

«እውነት ነው!» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ። ያ ልጅ ነው። ተከትሎኝ መጥቷል። «ሮጦ ነበር እኮ። ሊደርስበት ነበር!»

ትርፍ ቁልፍ የለም፤ ትርፉን ያለፈው ዓመት እንግዳ ይዞት ሄዷል፣ ዱላውም ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ልብሴ፣ ቦርሳዬ፣ ቻርጀሬ ሁሉ ውስጥ ነው። አናጢ እስኪመጣ እትዬ የልጃቸውን ኳስ ልብስ አለበሱኝ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው ልጁ። ቁምጣው ሲቀመጡበት ይጮሃል። እንዲህ ሆኜ፣ ላዬ ላይ ጋቢ ተደርቦልኝ፣ በረንዳ ላይ ቡና ስጠጣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሰላም ይለኛል። ትንሽ ከተማ መጥፎነቷ ይሄ ነው። ጠዋት ማንም አያውቀኝም ነበር፤ ማታ ሱቅ ውኃ ልገዛ ብወጣ ባለሱቁ «ፌስታል ልስጥህ ወይስ ይቅርብህ?» አለኝ።

አናጢው መጥቶ በሩን ሰበረ። ቁልፍ ቀየረ። ለቁልፉም፣ ለእጁም፣ ለተሰነጠቀው መቃንም ከፈልኩ፤ ስንት እንደሆነ እናቴ ይሄን ስለምታነብ አልናገርም። አዲሱ ቁልፍ ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዱላ የሌለው። ኪሴ ውስጥ ሳስገባው እንዴት ደስ እንዳለኝ።

በማግስቱ ልሄድ ስሰናዳ ልጁ እየሮጠ መጣ። እጁ ላይ ዱላው አለ፣ ቀዩ «7» ሳይቀር፤ ቁልፏም አብራ። ጭቃ ውስጥ ተሰክታ ነው ያገኛት። «አልጣመውም፣ ጣለው» አለኝ። ሁለት መቶ ብር ሸለምኩት። የሌለ በር ቁልፍ እጄ ላይ ይዤ ቆምኩ። እትዬ ዱላውን ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉትና «በል አዲሱን ስጠኝ፣ እዚህ ላይ ልሰረው» አሉ።

«አሁን ሻንጣዬን ላውጣና እሰጥዎታለሁ» አልኳቸው።

ሻንጣዬን አወጣሁ። ውጭ ባጃጁ ጥሩምባውን ነፋ። ተሳሳምን፤ «በዓል ሲሆን ና፣ ግን አሳ አትያዝ» ብለው መረቁኝ። ልጁም እስከ መናኸሪያው ሸኘኝ።

ሞጆ ስንደርስ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ልጄ፣ ቁልፉስ?»

ኪሴን ዳበስኩ። ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዱላ የሌለው። ዝም አልኩ።

«ወይስ» አሉ እትዬ፣ ከኋላቸው ሰው ሲስቅ ይሰማኛል፣ «እስከ ሞጆ ተከተለህ?»

ወርጄ ወደ ባቱ የሚመለስ ሚኒባስ ፈለግሁ። ረዳቱን ለምኜ፣ ሃምሳ ብር ጨምሬ፣ መናኸሪያ ላይ የሚቀበለውን ልጅ ስልክ አጻፍኩት። ቁልፉን መዳፉ ላይ አገላብጦ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«ትንሽ ናት፣ ትጠፋብኛለች» አለኝ። «ፌስታል የለህም?»