ላፕቶፔ ያወራብኝ ጉዞ

እናቴ «ሳይደርሱ ጉዞ አይወራም» ትላለች። ዋሽንግተን እህቴ ጋ ለሦስት ሳምንት ስሄድ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ለሥራ ቦታም ጭምር። ከዚያው ሆኜ እሠራለሁ፣ ማን ያውቃል ብዬ ነው። (አልኮራበትም።) በአራተኛው ቀን አንድ ባልደረባዬ በቴሌግራም «አሜሪካ ገባህ እንዴ?» አለኝ። ክው አልኩ። አንድ ፎቶ እንኳ አልለጠፍኩም! «ኮሚትህ −0400 ይላል» ብሎ ሳቀብኝ። (ኮሚት ማለት ኮድ ላይ የተሠራ ለውጥ መዝገብ ነው።)

ኮሚቶቹን የሚመዘግበው ጊት የሚባል ፕሮግራም ነው። ሰዓት የሚይዘው ከ1970 መጀመሪያ ወዲህ ያለፉትን ሰከንዶች ቆጥሮ ነው። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ የት እንዳለሁ ማንም አያውቅም ነበር። ግን የኮምፒውተሩን የሰዓት ዞንም ከጎኑ ይጽፋል። አዲስ አበባ ሳለሁ +0300 ነው፤ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ከዩቲሲ፣ በሦስት ሰዓት ይቀድማል ማለት ነው። እሱ ብዙ አያጋልጥም፤ ናይሮቢም፣ ሪያድም፣ ሞስኮም ያው ነው። ላፕቶፔ ዋሽንግተን ሲደርስ ግን ዞኑን በራሱ ቀየረ። ከዚያ ሁሉ +0300 በኋላ ያቺ የመቀነስ ምልክት ነጠላ ላይ እንደፈሰሰ ቡና ታስታውቃለች።

ማታውኑ ላጠፋት ተነሳሁ። የመጨረሻውን ኮሚት ቀኑን ቀይሬ አሜንድ አደረግኩት፤ አርሜ እንደገና መዘገብኩት ማለት ነው። ሎጉ (የኮሚቶቹ ዝርዝር) +0300 አለ። ተገላገልኩ ስል ለካ ጊት ለአንድ ኮሚት ሁለት ቀን ነው የሚይዘው፦ ኮዱ የተጻፈበትና ኮሚት የተደረገበት። የቀየርኩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛው ላይ −0400 ቁጭ ብሏል። ቀኑ ሲነካ ደግሞ ሃሹም (የኮሚቱ መለያ) ይቀየራል። ፑሽ ያደረግኳቸውን (ወደ ጋራው ማከማቻ የላክኳቸውን) ኮሚቶች ሰው ሁሉ ፑል አድርጎ ወደ ራሱ ኮምፒውተር ወስዷቸዋል። ለእኔ ገመና ተብሎ የሰው ሪፖ (የኮድ ማከማቻ) አይታመስም። ተውኩት።

ለወደፊቱ ግን ቲዜድ የምትባለዋን ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሞች የሰዓት ዞናቸውን የሚያነቡባትን ቅንብር) ዩቲሲ አድርጋ ጊትን የምታስነሳ አሊያስ (አቋራጭ ትእዛዝ) ሠራሁ። አሁን +0000 ነው። ከኤዲተሩ (ከኮድ መጻፊያው) ቁልፍ ኮሚት ሳደርግ አሊያሷ አትሠራም፤ ሁለቴ አምልጦኛል።

ትናንት የድሮ ሎጌን ሳገላብጥ 03:12 +0300 የሚል ኮሚት አየሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ12። መብራት ሲጠፋ አምሽቶ፣ ሲመጣ ከአልጋ ዘልዬ የተነሳሁበት ሌሊት ነው። በዩቲሲ ቢሆን 00:12 ብሎ ያልፈው ነበር።

አሊያሷን ስሟን ቀይሬ ለሥራ ብቻ አደረግኳት። የራሴ ፕሮጀክት ላይ +0300 ይጻፍ።