የእጅ ፍሬን ስባችሁ አትተዉ

የአባባ ቮልስ ሽሮ ሜዳ ግቢያችን ውስጥ ከጽዱ ሥር የቆመችው በ2004 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ዓይናቸው ደክሞ መንዳት ሲያቅታቸው "ለጊዜው ትቁም" አሉ። ለጊዜው የተባለው አሥራ ሁለት ዓመት ሆነ። በመሃል ዶሮ እንቁላል ጥላባታለች፤ እማማ ጣሪያዋ ላይ በርበሬ አስጥተዋል፤ የጎረቤት ልጆች ድብብቆሽ ተጫውተውባታል። እኔ ደግሞ በየዓመቱ "ዘንድሮ አስነሳታለሁ" እል ነበር። የጀመርኩት ጥቅምት 2017 ላይ ነው። የአሮጌ መኪና ነገር ለያዛችሁ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

መኪናዋ በፈረንጆቹ የ1972 ሞዴል ቮልስዋገን 1300 ናት። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ እንጀራዬ ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ ነው። ጓደኞቼ "ቤንዚን የምትጠጣ የቤት መኪና ማስገባት በተከለከለበት ዘመን ይቺን ምን ልታደርጋት ነው? ኤሌክትሪክ ግዛ" ብለውኛል። የኤሌክትሪኳን ዋጋ የሚከፍልልኝ ግን አልተገኘም።

የመጀመሪያው ስህተቴ ባትሪ መግዛቴ ነው። ገዝቼ መጣሁና የኋላውን ወንበር አነሳሁ። የቮልስ ባትሪ እዚያ ሥር ነው የሚቀመጠው። የድሮው ባትሪ አሲድ ላሜራውን በልቶት ኖሮ፣ በቀዳዳው ሣር ይታየኛል። ባትሪውን ጣውላ ላይ አስቀምጬ፣ ገመዱን አስሬ፣ ቁልፉን ልጠመዝዝ ስል የሰፈራችን ጡረተኛ መካኒክ በበሩ ብቅ አሉ።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ላስነሳት ነዋ ጋሼ።"

"አሥራ ሁለት ዓመት የደረቀ ሲሊንደር በሞተሪኖ ልታፋጭ? በል ቁልፉን አምጣ።" ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር አላየሁትም።

ያዘዙኝን ሠራሁ። ቤንዚኑን በእሳት ፍንጣሪ የሚያቀጣጥሉትን አራቱን ካንዴላ ፈታሁ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨመርኩና ሳምንት ተውኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ በ21 ቁልፍ የዲናሞውን ዳዶ ይዤ በእጅ ለማዞር ሞከርኩ። ዳዶው ይዞራል፤ ዲናሞውን ከሞተሩ የሚያገናኘው ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ ይንሸራተታል፤ ሞተሩ ወይ ፍንክች። በሌላው እጄ ቺንጊያውን ጫን ብዬ ስይዝ ግን ትንሽ ተነቃነቀ። ከዚያ ሩብ ዙር ሄደ። ከዚያ "ፍስስ" የሚል የአየር ድምፅ በካንዴላው ቀዳዳ ወጣ። ያቺን ድምፅ ስሰማ ብቻዬን ሳቅኩ።

ቮልስ ያላችሁ ይህችን ልብ በሉ። ራዲያተር የላትም፤ ከኋላ ያለው ሞተሯ የሚበርደው በነፋስ ነው። የማራገቢያውን ላሜራ ባልከፍተው ኖሮ ጉድ ሆኜ ነበር። አይጥ የወንበሩን ሙሌት እየነጨች አምጥታ፣ ከሲሊንደሮቹ በላይ ደንበኛ ቤት ሠርታበታለች። ሁለት ፌስታል ሙሉ አወጣሁ። ያን እንደታጨቀ ባስነሳት በአንዱ በኩል ነፋስ ሳይደርሰው ይነድ ነበር።

ዘይቱ ቀላል ነበር። ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው የምትይዘው። ፊልትሮ የላትም፤ ከሥር በስድስት ትንንሽ ዳዶ የታሰረች ወንፊት አለቻት። የወጣው ነገር ሬንጅ እንጂ ዘይት አይመስልም። ወንፊቷን በቤንዚን አጠብኩ፤ ማሸጊያዋን፣ ጓርኒሲዮኗን፣ ቀየርኩ፤ አለቀ።

የቤንዚኑ መስመር ግን ሦስት ቅዳሜ በላ። ታንከሩ ከፊት ኮፈኑ ሥር ነው። ስከፍተው ቤንዚን ሳይሆን ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል። ፈትቼ አወረድኩት። ጠጠርና ውሃ ጨምሬ ከወንድሜ ጋር እንደ ቅቤ ናጥነው። የሚወጣው ውሃ መጀመሪያ የሸክላ መልክ ነበረው፤ በስድስተኛው ጠራ። ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ጠረጴዛ ላይ በትኜ፣ እያንዳንዷን ቀጭን ቀዳዳ በአየር ነፋሁ። በዓይን የማትታይ ቆሻሻ ሞተር ታጠፋለች።

ጎማ ቱቦዎቹን ግን ሳትከራከሩ ቀይሩ። ቮልስ ላይ ቤንዚን የሚያልፈው በሞተሩ አናት ነው። አንዲት ጠብታ ለካንዴላዎቹ እሳት ከሚያድለው ዲስትሪቢውተር አጠገብ ብትወድቅ ቀሪውን ታውቁታላችሁ። እኔ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ቱቦ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ ማስቲካ ለሰለሰ። ለካ የውሃ ቱቦ ነው የሸጡልኝ። ስትገዙ "ለቤንዚን ነው" ማለት አይበቃም፤ ቁራጩን ማታ ቤንዚን ውስጥ ነክራችሁ ጠዋት እዩት።

ለመነሻ የሚሆን ቤንዚን ማግኘትም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ማደያ በጀሪካን አይቀዳላችሁም፤ መኪናዋ ደግሞ ወደ ማደያ አትሄድ። የጓደኛዬን ሞተር ሳይክል ቱቦ ነቅለን ሦስት ሊትር ቀዳን።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ጋሼ ቁልፉን መለሱልኝ። ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያለውን ፑንቲና በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አጽድቼ ክፍተቱን 0.4 ሚሊ ሜትር አድርጌዋለሁ። የካንዴላ ገመዶቹንም በተራቸው፣ 1፣ 4፣ 3፣ 2፣ አስሬያለሁ። ቁልፉን ጠመዘዝኩ። "ጧ!" አለች በማርሚታዋ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ።

አባባ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። "የአንድና የሁለትን ገመድ አቀያይረሃል" አሉ። አላመንኳቸውም። ወርጄ ሳይ እውነታቸውን ነው። ከኋላ ቆሜ ስለማያት ለእኔ የቀረበውን ሲሊንደር 1 ብዬዋለሁ፤ ቮልስ ላይ ግን 1 የሚባለው ወደ መኪናዋ ፊት ያለው ነው፣ በቀኝ። ለእናንተ የቀረበው 2 ነው። በግራም እንደዚያው፣ የራቀው 3፣ የቀረበው 4። አስተካክዬ ስሞክር ነፍስ ዘራች። ያ ሁሉ የጨመርኩት ዘይት ሲቃጠል ግቢው በጭስ ተሸፈነ። እማማ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው "ቡናውንም እዚሁ አፍሉት ታዲያ" ብለው ገቡ።

ሲሞቅ ካንዴላዎቹ ጥላሸት ለበሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሽሮ ሜዳ ደግሞ ከዚያም ትብሳለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛባታል። ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምትመጥነዋን የነሐስ ብሎን ቀዳዳዋ ጠበብ ባለች ቀየርኩና ተሻላት።

እዚህ ድረስ ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮን ስለቅ መኪናዋ ተንጠራርታ ጠፋች። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። የኋላ ጎማዎቹ አይዞሩም።

አባባ ያን ቀን ሲያቆሟት የእጅ ፍሬኑን ስበውት ነበር። ቁልቁለት ላይ የሚኖር ሰው ልማድ ነው። የፍሬኑ ሸራ አሥራ ሁለት ዓመት ከከበሮው ብረት ጋር ተቃቅፎ አንድ ሆኗል።

የኋላውን ከበሮ ለማውጣት የአክስሉን ዳዶ መፍታት ግድ ነው። 36 ቁልፍ ነው፤ ከጋሼ ተዋስኩ። ፋብሪካው ሲያጠብቀው በአንድ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ እንደማንጠልጠል አድርጎ ነው። ዝገቱን ጨምሩበት። መኪናዋ በክሪክ ሳትነሳ፣ ጎማዋ መሬት እንደያዘ ነው የሚሞከረው። ዳዶውን የሚቆልፈውን ኮፒሊያ ነቀልኩ፤ ቁልፉ ላይ የውሃ ቧንቧ ሰካሁ፤ ወንድሜ ጫፉ ላይ ቆመ። ምንም። እኔም ወጣሁበት። ሁለታችን እየዘለልን ሳለ ጥይት የተተኮሰ የሚመስል ድምፅ ወጣና ሁለታችንም መሬት ላይ ተገኘን። የግራው ተፈታ። የቀኙ ዘይት እየጠጣ፣ እሳት እየሞቀ፣ በአራተኛው ቀን ተለቀቀ። ከበሮውን በመዶሻ ዙሪያውን እየመታሁ ሳወጣው ሸራው ከተለጠፈበት ብረት ተላቆ ከበሮው ውስጥ ተጣብቆ ቀረ።

ሸራውን በአዲስ አስመታሁ። የአራቱንም ጎማ የፍሬን ዘይት እንዳያፈስ የሚይዙትን ጎሚኒዎች ቀየርኩ። የፊቶቹን የፍሬን ቱቦዎች ግን "ደህና ናቸው" ብዬ ተውኳቸው። ገንዘብ ማዳኔ ነበር። ስሞክራት በግራ ትስባለች፤ ፔዳሉን ከለቀቅኩ በኋላም የግራው ጎማ እንደያዘ ነው። ለካ ያረጀ ቱቦ ከውጪ ደህና መስሎ ከውስጥ ያብጣል። ስትረግጡ ዘይቱን ያሳልፋል፤ ስትለቁ አይመልስም። ሁሉንም ቀየርኩ።

ከፍሬኑ መስመር አየር ለማውጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ወንድሜ አልነበረም። አባባ "እኔ አለሁ" አሉ። እጃቸውን ይዤ ወንበራቸው ላይ አስቀመጥኳቸው። መሪውን በሁለት እጃቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። እኔ ከሥር ገባሁ። በጣም ከራቀው ነው የሚጀመረው፤ የቀኝ ኋላ፣ የግራ ኋላ፣ የቀኝ ፊት፣ የግራ ፊት።

"ይርገጡ አባባ።"

"ረገጥኩ። ወለል ነው የምረግጠው።"

"ይያዙት። እሺ፣ ይልቀቁ።"

ምናልባት ስልሳ ጊዜ ተባባልን። በፕላስቲኩ ቱቦ አረፋ ይወጣል፤ ከዚያ ቡናማ ዘይት፣ ከዚያ እንደ ሻይ የጠራ። የግራ ፊቱ ላይ ስንደርስ ገና "ይርገጡ" ሳልል "መጣ" አሉ። "አሁን ግማሽ ላይ ቆመ። ይቺ ፍሬን ናት።"

ቦሎ ስለሌላት አስፋልት አልወጣሁም። ያለፈው እሑድ የግቢውን በር ከፍተን፣ አባባን ጎኔ አስቀምጬ፣ ኮብልስቶኑን እስከ ጥጉ ሄደን ተመለስን። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ አይሠራም። የቀኙ ፍሬቻ አይበራም። ከሞተሩ ሥር በቀን የሳንቲም ስፋት ያህል ዘይት ታንጠባጥባለች፤ ጋሼ "ካላንጠባጠበች ዘይት የላትም ማለት ነው" ብለው አጽናንተውኛል። የሚቀጥለው ሥራዬ ከባትሪው ሥር ያለውን ላሜራ ማስበየድ ነው።

ጽዱ ሥር አቁሜ ሞተሯን አጠፋሁ። አባባ እጃቸውን ወደ መሃል ሰደዱና የእጅ ፍሬኑን ዳበሱት።

"አልሳብከውም?"

"አልሳብኩትም። አንደኛ ማርሽ ላይ ናት፤ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አደርጋለሁ።"

"ሁለት ድንጋይ አድርግ" አሉና በሩን መፈለግ ጀመሩ።