ወደ ታች ስለሚወርዱት ዓሦች

ዛሬ አሜሪካ ኦሪገን ግዛት ካለችው ፖርትላንድ ከተማ ወጣ ብሎ ኮሎምቢያ ወንዝ ላይ ያለውን የቦነቪል ግድብ አይቼ መጣሁ። ዓሦቹ የሚታዩበት ትልቅ የመስታወት መስኮት አለ። እዚያ ፊት ብዙ ቆየሁ።

ሳልሞን የሚባሉት ዓሦች ግድቡን አልፈው የሚወጡት በዓሣ መሰላል ነው። መሰላል ይባል እንጂ ደረጃ በደረጃ የተሠሩ የውሃ ገንዳዎች ናቸው። የሚያልፈውን ዓሣ በየዓይነቱ የሚቆጥር ሠራተኛም አለ። ዓመታት ውቅያኖስ ውስጥ ቆይቶ የተወለደበትን ወንዝ በጠረኑ ለይቶ የሚመለስ ፍጥረት ፊት ለፊቴ ሲያልፍ፣ እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ።

ልቤን የያዙት ግን ወደ ታች የሚወርዱት ጫጩቶች ናቸው። ለእነሱ የሚያጨበጭብ የለም።

በፀደይ ወራት ጣት የምታክል ሳልሞን ወደ ባሕር ጉዞ ትጀምራለች። ድሮ ከተራራ የቀለጠው የበረዶ ውሃ እየገፋ ያደርሳት ነበር። አሁን በግድቦቹ መሀል ያለው ወንዝ ሐይቅ ሆኗል። ውሃው ይተኛል፣ ይሞቃል፣ ጉዞው ይራዘማል። ሰውነቷ ደግሞ ለጨው ውሃ መለወጥ ጀምሯል፤ ብዙ ልትዘገይ አትችልም። በዚያ ላይ አድፍጦ የሚጠብቃት ትልቅ ዓሣና ወፍ አለ።

ግድቡ ጋ ስትደርስ ውሃው ወደ ተርባይኑ ይስባታል። እኔ የምፈራው ምላጩን ብቻ ነበር። ለካ ግፊቱም ይገድላል። ተርባይኑን ስታልፍ የውሃው ግፊት በቅጽበት ይወርዳል፤ ሆዷ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ያብጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ስለዚህ በብዙዎቹ ግድቦች ተርባይኑ አፍ ላይ ወንፊት አድርገው ወደ ሌላ ቦይ ይመሯቸዋል። አንዳንዶቹንም በጀልባ ጭነው ከግድቦቹ በታች ይለቋቸዋል።

ውሃውን ከነዓሦቹ በማስተንፈሻው በር መልቀቅ ይሻላል። ያ ውሃ ግን መብራት አያመነጭም። ከመጠን ካለፈ ደግሞ አየር ውሃው ውስጥ ይሟሟና ዓሦቹ ሰውነት ውስጥ አረፋ ይፈጥራል።

አይዳሆ ውስጥ ሬድፊሽ የሚባል ሐይቅ አለ። ሶክአይ የሚባለው ሳልሞን እዚያ ለመድረስ ከባሕር ተነስቶ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ 8 ግድቦች ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1992 የተመለሰው አንድ ወንድ ብቻ ነበር። ሰዎች «ብቸኛው ላሪ» አሉት። ዘሩ የተረፈው በሰው እጅ በማራባት ነው።

መብራት ሲጠፋ በሻማ ያጠናሁ ሰው ነኝ፤ ግድብ አልጠላም። ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ከኦሪገን ተነስቶ ካሊፎርኒያ ላይ ባሕር የሚገባው ክላማት ወንዝ ላይ የነበሩ 4 ግድቦች ፈርሰው ሲያበቁ፣ ሳልሞን በዚያው ዓመት በጥቅምት ኦሪገን ድረስ ወጣ። ከ1912 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። የኮሎምቢያ ገባር በሆነው በስኔክ ወንዝ የታችኛው ክፍል ያሉት 4 ግድቦችም እንዲፈርሱ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆነው የኔዝ ፐርስ ሕዝብ ዓመታት ሲጠይቅ ኖሯል። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ለመብራቱ ምትክ መጀመሪያ ይሠራ፤ ከዚያ ይፍረሱ ባይ ነኝ።