ድንበሩ አጠገብ የቆመው አጋዘን

በፈረንጆቹ 2025 ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ከዴንቨር ተነስቼ ወደ ዋዮሚንግ ነዳሁ። ዴንቨር አብረን እንሰራ የነበረ ጓደኛዬ አሁን ላራሚ ከተማ ነው የሚኖረው። በየዓመቱ አንድ አጋዘን ያድናል፣ ቤተሰቡ ክረምቱን የሚበላው ሥጋ እሱ ነው። ለዓመታት "አንዴ አብረኸኝ ውጣ፣ ጠመንጃ መያዝ የለብህም" ሲለኝ ቆይቷል። እኔ አደን ሲባል ትዝ የሚለኝ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቀንድ ነበር፤ ለዚህም ነው ስጎተት የኖርኩት።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። እኛ አገር አጋዘን የምንለው እንስሳ ሌላ ነው፣ ቀንዱ የተጠማዘዘና ዕድሜ ልክ የማይወድቅ። የአሜሪካኑ ቀንድ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ በየዓመቱም ወድቆ እንደገና ይበቅላል። እኛ ያደንነው ደግሞ ጆሮው እንደ በቅሎ ትልቅ ስለሆነ ሙል ዲር ይሉታል። ሰው በለመደው ስም አጋዘን እያልኩ እቀጥላለሁ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ወጣን። ሀይዌይ 80ን ይዘን ወደ ምዕራብ ስንነዳ ስልኩን አቀበለኝ። ኦንኤክስ የሚባል መተግበሪያ ላይ ካርታ ከፍቷል። ካርታው ቁርጥ የዳማ ገበታ ነው። አንዱ ካሬ የመንግሥት፣ ቀጥሎ ያለው የግል፣ ደግሞ የመንግሥት፣ ደግሞ የግል። የአንዱ ካሬ ጎን አንድ ማይል ነው፣ ስፋቱ 640 ኤከር፣ ወደ 259 ሄክታር ማለት ነው። ይህ የባቡር ሥራ ነው። በ1862 በወጣው ሕግ መንግሥት ሐዲድ ለሚዘረጉት ኩባንያዎች ከሐዲዱ ግራና ቀኝ አንድ ካሬ እየዘለለ መሬት ሰጠ፣ የተዘለለውን ለራሱ አስቀረ። የባቡሩ ድርሻ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ዛሬ ብዙው በትልልቅ የከብት እርባታዎች ተይዟል።

እና የመንግሥቱ ካሬ የሁሉም ነው። የአደን ፈቃድ ያለው ማንም ሰው ገብቶ ማደን ይችላል። ግን በየት በኩል ይገባል? አራቱም ጎኑ የግል ነው። የመንግሥት መሬት ከመንግሥት መሬት ጋር የሚገናኘው ማዕዘኑ ላይ ብቻ ነው፣ በአንዲት ነጥብ። ከአንዱ ወደ ሌላው ልርመድ ስትል እግርህ የግሉን መሬት ባይነካም ትከሻህ በግሉ አየር ላይ ያልፋል። ባለመሬቶቹ ታዲያ "አየሩም የኛ ነው" ይላሉ። ሄሊኮፕተር መከራየት የሚችል ሰው በአየር ይገባል። ሌላው ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ የራሱን መሬት ያያል። ኦንኤክስ በ2022 ባወጣው ጥናት መሠረት በምዕራቡ አሜሪካ እንዲህ በማዕዘን የተቆለፈው የሕዝብ መሬት 8.3 ሚሊዮን ኤከር ነው። ቁጥሩን ስሰማ አላመንኩም ነበር።

እኛ ከሄድንበት ሩቅ ባልሆነው በኤልክ ማውንቴን አካባቢ በ2021 አራት የሚዙሪ አዳኞች መሰላል ሠርተው መጡ። መሰላሉን ከአንዱ የመንግሥት ካሬ ወደ ሌላው በማዕዘኑ ላይ አቁመው ተሻገሩ፣ የግሉን አፈር አልረገጡም። ተከሰሱ። በ2022 የወንጀሉን ክስ ያየው ጁሪ ነጻ ለቀቃቸው። ባለመሬቱ በፍትሐ ብሔር ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ደርሶብኛል ብሎ ነበር፣ እዚያም ተረታ። በማርች 2025 አሥረኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት አዳኞቹ ትክክል ናቸው አለ። የጠቀሰው የ1885ቱን ሕግ ነው፤ የከብት ባለሀብቶች የሕዝብን መሬት አጥረው ሰው እንዳይከለክሉ የሚያግደውን። ያ ሕግ 140 ዓመት ተቀምጦ ለአንድ መሰላል መድረሱ እስካሁን ይገርመኛል።

መኪናዋን የካውንቲው መንገድ ዳር አቁመን በእግር ገባን። ሴጅ ብራሽ የሚሉት አመድማ ቁጥቋጦ ጉልበት ድረስ ይደርሳል፣ ሽታው እጅ ላይ ይቀራል። ማዕዘኑ ጋ ስንደርስ ቀያሾች የተከሏትን ክብ የናስ ምልክት ጎንበስ ብሎ አሳየኝ። "እዚህ ጋ ነው" አለ፣ ተራመደ። እኔም ተከተልኩ። አንድ እርምጃ ናት።

ጎህ ሲቀድ አንድ ወንድ አጋዘን ከሸለቆው ወጣ። 150 ሜትር ቢሆን ነው። ጎኑን ሰጥቶን ቆመ፣ ንፋሱ ከሱ ወደ እኛ ነው። ጓደኛዬ ተንበርክኮ ጠመንጃውን በእንጨት ድጋፍ ላይ አስቀመጠ፣ በመነጽሩ አየ። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። ረጅም ጊዜ ቆየ። ከዚያ ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ ስልኩን አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። አልተኮሰም።

እንስሳው ዘወር ብሎ ሄደ። "ምን ሆነህ ነው?" አልኩት።

"ድንበሩ ከቆመበት 40 እርምጃ አይሞላም" አለኝ። "ሳንባውን ብመታው እንኳ መቶ ሜትር ሊሮጥ ይችላል። ከሮጠ የሚወድቀው የሰው መሬት ላይ ነው። ልወስደው ብገባ ያለፈቃድ ገባሁ ማለት ነው። ስልክ ደውዬ ብለምን እሺ ሊሉ ይችላሉ፣ እምቢም ሊሉ ይችላሉ። እነሱ እስኪመልሱልኝ ሥጋው ይበላሻል፣ ወይ ኮዮቴ ይበላዋል።"

ይህን ነገር ከዚያ ጠዋት ወዲህ ከጭንቅላቴ ማውጣት አልቻልኩም። እኔ ሄጄ የነበረው የአደን ሥነ ምግባርን አንድ ጉዳይ፣ የመሬት መግቢያን ሌላ ጉዳይ አድርጌ ነው። እሱ ጋ ግን አንድ ናቸው። ከ200 ሜትር በላይ አይተኩስም፣ በጋውን ሙሉ የተለማመደው እስከዚያ ድረስ ነው። በሚሮጥ እንስሳ ላይ አይተኩስም። ከኋላው ሰማይ ብቻ ከሆነ አይተኩስም፣ ጥይቱ የት እንደሚያርፍ አይታወቅማ። እንስሳው ተመትቶ የሚደርስበት ቦታም ለሱ የተኩሱ አካል ነው። ሕጉ መተኮሱን አልከለከለውም ነበር፣ አጋዘኑ የቆመው በሕዝብ መሬት ላይ ነው። የሚያየው ሰውም ከኔ ሌላ አልነበረም፣ እኔ ደግሞ ምኑንም አላውቅም።

ስለ ባለመሬቶቹ ስጠይቀው ክፉ አላወራም። በር ከፍተው የሚሄዱ፣ በዝናብ ቀን የሰው ሣር ላይ መኪና የሚነዱ አዳኞች እንዳሉ ነገረኝ። "እኔም ብሆን አንዴ ከብቴ ቢመታ አላስገባም ነበር" አለ። አክሰስ የስ በሚባለው የዋዮሚንግ ፕሮግራም በኩል ክፍያ ተቀብለው መሬታቸውን ለእግረኛ አዳኝ የሚከፍቱ አሉ፣ እነሱን በጣም ያመሰግናል። በዚህ እስማማለሁ። የግሉ የግል ነው፣ አስፈቅደህ ግባ። የሕዝቡን መሬት ግን በግል አጥር ውስጥ አስገብቶ ለራስና ለእንግዶች ብቻ ማድረግ ነውር ነው። 42 ዶላር ከፍሎ ፈቃድ የሚያወጣ ነዋሪ በዚያ መሬት ላይ ያለው መብት ከማንም አያንስም።

በማግስቱ ተመልሰን ገባን። ከሰዓት በኋላ ካሬው መሃል ላይ፣ ከየትኛውም ድንበር ግማሽ ማይል ያህል ርቆ ሌላ አገኘን። አንድ ጥይት። ሮጦ 60 ሜትር ሳይሞላ ወደቀ። ወዲያው አልተነሳንም፣ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለን ጠበቅን፤ የቆሰለ እንስሳ ካባረሩት ይርቃል፣ ስቃዩም ይረዝማል። ስንደርስ ሞቷል። ጓደኛዬ እጁን አንገቱ ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆየ፣ እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ገፈን ብልቱን አወጣን። ወርቹን፣ ታፋውን፣ ሽንጡን፣ የአንገቱን ሥጋ ሳይቀር ያዝን። ሥጋ ጥሎ መሄድ በሕግም ያስቀጣል፣ እሱ ግን ስለ ቅጣቱ አንድም ቀን አላነሳም። ሁለት ጊዜ ተመላልሰን ነው የጨረስነው፣ በሁለቱም በናሷ ምልክት ላይ ተራምደን። ታፋው ትከሻዬ ላይ ስለከበደኝ ሁለተኛው ላይ እጄን ይዞ አሻገረኝ።

ዴንቨር ከተመለስኩ በኋላ፣ ኦክቶበር 20 ላይ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የባለመሬቱን አቤቱታ አላይም አለ። አሥረኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት በሚዳኛቸው ስድስት ስቴቶች የማዕዘኑ መንገድ ክፍት ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ወዲያው ደወልኩለት። ሥጋ እየፈጨ ነበር፣ ማሽኑን አጠፋ። ደስ ብሎት ይጮሃል ብዬ ስጠብቅ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

"ሞንታናንም ይጨምራል?" አለኝ። ወንድሙ እዚያ ነው የሚያድነው።

አይጨምርም አልኩት።